ሳብ

ስሟ በእነሱ አፍ የፋብሪካ ስም ነው፤
በእኔ አፍ ትእዛዝ ነው፣ ገመድ እንደያዘ ሰው
«ሳብ!» ይላል ከጀርባዋ ላይ የተጻፈው።

ትሮልሄታን፣ በኅዳር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል፤
ፀሐይ ከሥራ ቀድማ የወጣች ይመስል
መሽቷል። ከወንዙ ማዶ፣ ከቀይ እንጨት ቤት ደጃፍ
ቆሜያለሁ፣ በካፖርቴ ኪስ ክሮናዬን ሳቅፍ።

ሻጩ ቶርስተን ይባላል። ሰባን ተሻግሯል።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፋብሪካው ውስጥ በር ገጥሟል፤
በር ብቻ፤ የግራውን፣ የፊቱን፣ የሾፌሩን።
«ይህንንም እኔ ነኝ» አለ፣ እየዳሰሰ ብረቱን፤
ቆየና፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ሳልሆን አልቀርም» አለኝ፤
ከፋብሪካው መዘጋት ወዲህ መማል የተወ መሰለኝ።

በቅሎ የሚገዛ ሰው ከንፈር ገልጦ ጥርስ ያያል፤
እኔም በርከክ ብዬ ጎማዋን አየሁ፦ ጥርሱ አልቋል።
ከኋላ እግሯ በላይ ዝገቱ አብቦ ፍሬ ሊይዝ ደርሷል።
ሁለት መቶ ስልሳ ሺህ ኪሎሜትር ሮጣለች፤
ዓለምን ስድስቴ ዞራ እዚችው ደጅ ቆማለች።

የቁልፉን ቀዳዳ ከመሪው ሥር ዳብሼ አጣሁት፤
ቶርስተን ሳቀብኝ። ከወንበሮቹ መሀል፣ ከማርሹ ሥር፣
እንደ ተደበቀ ሳንቲም አገኘሁት።
በሦስተኛ ማርሽ ስረግጣት መጀመሪያ ዝም፤
ነገር እንደሚያላምጥ ሽማግሌ፣ መልስ የለም።
ከዚያ አንድ ቀጭን ፉጨት ከኮፈኑ ሥር ተነሣ፣
ጀርባዬን ከወንበሩ ሰፋችው፤ አፌ ዋጋ ረሳ።

በአሥራ ሰባት ሺህ ተጨባበጥን። የክረምት ጎማ መረቀልኝ፤
ደግሞ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አምጥቶ ሰጠኝ፦
«ቀዩ ካሴት ነው፣ እሳት ሰጪው። ሳይታመም ነው የሚሞተው፤
ይህን ትርፉን ከሻንጣዋ አታውጣው።»

አስካለ በመስኮት አየቻት፦ «ለሁለት ሕፃን
አራት በር ያለው ጥይት ምን ያደርግልን?»

ጥር ላይ ሴናድ፣ ቦስኒያዊው መካኒክ፣ የዘይት ቋቷን ፈትቶ
የከረመ ጋን አተላ አሳየኝ፣ በጣቱ አውጥቶ።
«በየስምንት ሺው ቀይር» አለ፣ «መጽሐፉን ተወው።»
ፓምፑ ከኢስቶኒያ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ነው፤
ሊፍት ላይ ተሰቅላ፣ አራት እግሯ አየር ላይ።
አስካለ ጋራዡ በር ላይ ቆማ ወደ ላይ እያየች
«ላም አለኝ በሰማይ» አለች፣ «ወተቷንም አላይ።»

እሑድ እሑድ ብርድ ልብስ አንጥፌ ከሥሯ እተኛለሁ፤
ዝገቷን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ቀለም እቀባለሁ።
ትልቋ ልጄ ተቀምጣ መፍቻ ታቀብለኛለች፤
አሥር፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት፤
አማርኛ መቁጠር ከመኪናዬ ሥር ነው የተማረች።

የካቲት። ከቬነርስቦርግ ስንመለስ፣ ጫካ መሀል፣ በሌሊት
ካሴቱ ሞተ። ሳይታመም። እንዳለው። አንድ ጊዜ እንኳ ሳይስል በፊት።
አስካለ ስልኳን አበራች። ጋዜጣውን ስፈታ
ፋብሪካው የተዘጋ ዕለት ነው፤ ሰዎቹ በሩ ላይ፣ በተርታ፣
አንዳቸውም ወደ ካሜራው አያዩም።
ብሎኑ አራት ነው። ጣቴ ደንዝዞ አንዱን በረዶ ላይ ጣልኩት፤
በሦስቱ አሰርኩት።
ተነሣች። የኋላ ወንበር ላይ ማንም አልነቃም።

በሚያዝያ በቶርስተን ደጅ ሳልፍ ወጣ፣ በነጠላ ጫማ፤
ስለ ሞተሩ አልጠየቀኝም፣ ስለ ዘይት፣ ስለ ጎማ።
የግራውን የፊት በር ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ፣
ዘጋ፤ ጆሮውን አዘንብሎ ድምፁ እስኪጠፋ ቆየ።
«አልላላም» አለ፣ ለእኔ አይደለም፤
ከዚያ እጀታውን በሁለት ጣቱ፣ ቀስ ብሎ፣
ሳብ አደረገው።