በገበታው መስኮት

ሴት አትረግጥምና የደሴቱን አፈር፣
መጽሐፉ መጣልኝ ሐይቁን በመሻገር፣
በነጠላ ታስሮ፣ በላስቲክ ተጀቡኖ፣
በዲያቆን አስማረ ጉልበት ላይ ተጭኖ።

ሾላው ሥር ጠበቅሁት። ሰሌን አነጠፍሁ።
ወስፌ፣ የጅማት ክር፣ ቢላዬን አሰለፍሁ።
ኑርዬ ሞተሩን አጥፍቶ ገመዱን ቋጠረ፤
መፋቂያውን ነክሶ፣ እንደ ጋጋኖ ሁሉ፣ ድንጋይ ላይ ሰፈረ።

ስፌቱ ተበጥሷል፤ ጀርባውም ላልቷል፤
ግማሹን ዘመን አይጥ፣ ግማሹን ምስጥ ቆርጥሞታል።
የፊቱን ገበታ ቀስ ብዬ ስገልጠው፣
ከቆዳው መካከል፣ መስኮት ከመሰለው፣

ሐር።

መዳፍ የማይሞላ። መደቡ እንደ ቀጋ ፍሬ የቀላ፤
ሁለት ወፍ ፊት ለፊት፣ የቀኙን አንገት መቀስ እንደበላ።
ከግራው ወፍ በላይ፣ በነጭ ክር፣ ጽሕፈት፤
ቀጥ ቀጥ ያለ ፊደል፣ የደንገል ቁመት።

አስማረ አየና፣ "ግእዝስ አይደለም።
ሐረግ ይሆን?" አለ። "ሐረግም አይደለም፤
ዓረብኛ ነው" አልሁት።
ዝም አለ። ቀስ ብሎ፣ ወደ ድንጋዩ ዞረ።

ኑርዬ ማንም ሳያዘው እጁን ታጠበ ከሐይቁ ዳር፤
ጎንበስ ብሎ አፈጠጠ፤ ከንፈሩ መላወስ ጀመር።
"አሊፉ ከወዲህ ምን ያደርጋል? መነሻ ነበር፣ መድረሻ አይሆንም።
እንጃ። ፊደሉን አውቀዋለሁ፤ እሱ ግን አያውቀኝም።"

ያኔ ገባኝ። ወፍን ከወፍ ፊት ለፊት የሸመነ ሰው፣
ቃልንም ከቃል ፊት ለፊት ነው ያቆመው፤
ቀኙ ቀና፣ ግራው ግልባጭ። የተወልን መቀሱ
ግልባጩን ነው። ቀናውስ? በማን ቀሚስ፣ በማን ከፈን አለቀ እሱ?

መስታወት የለም። የእህቴ ልጅ ባጃጅ ቆማለች ከመንገዱ፤
ኑርዬ ብሎኑን ፈታ፤ የጎኑን መስታወት ይዞ መጣ በእጁ።
ጭረት አለበት። መጀመሪያ ሐይቁ ገባበት፣ ከዚያ የሾላው ቅጠል፤
ከዚያ ቃሉ ተገለበጠ፤ ቀና አለ፤ ኑርዬ ቀጠል ቀጠል

"አል — በረካ" አለ። "አል — በረካ። አል — በረ —"
እዚህ ላይ፣ ከመቀሱ አፍ ላይ፣ ድምፁም ቀረ።

"በረከት" አለ አስማረ፣ ለራሱ፣ ማንም ሳይጠይቀው።
ግብፅ ይሁን፣ የመን፣ ሌላ አገር፣ የተሸመነበትን እንጃ ማን እንደሚያውቀው፤
በባሕር ጨው፣ በግመል ላብ፣ በበቅሎ ጀርባ አልፎ
ስንት እጅ ነክቶት ይሆን፣ እዚህ ለመድረስ ተርፎ?
እንደኔ ደጓሽ የነበረው፣ ቆርጦ ከእንጨት ያጣበቀው፣
ቃል መሆኑን ያውቅ ነበር? ወይስ ቀዩ ነው የማረከው?
ብጠይቀው ደስ ባለኝ። አጥብቆ ለጥፎታል፤
ጫፉ እንኳ አልተነሣም፤ ሙያ ያውቅ ኖሯል።

"ላውጣው ወይ?" አልሁ፣ መልሱን እያወቅሁ።
አስማረ ራሱን ነቀነቀ። ጅማቱን በምራቄ አራስሁ፤
ሰፋሁ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፤ ማዕበሉ ሳይነሣ
ጀልባዋ ወጣች፤ ነጠላው ከአስማረ ጉልበት፣ ከነወፉ፣ ከነበረካው፣ ከነበግ ቆዳው ሽታ።

ማታ የእህቴ ልጅ ተማረረ፦ "መስታወቴን ማን ነካው?
ከኋላዬ የሚመጣውን መኪና አላይበት፤
ሰማይ ብቻ ነው የሚያሳየው።"