ግማሽ ዋጋ

ቅዳሜ ማለዳ፣ በርን ባቡር ጣቢያ፣
ከትልቁ ሰዓት ሥር፣ ከሰው መተላለፊያ፣
ካርዶቼን ቆጠርኩኝ እንደ ቁማርተኛ፦
አንደኛው የትርሲት፣ የኔው ሁለተኛ፣
ዓመቱን በሙሉ በግማሽ ዋጋ የሚያስኬደን፤
ሦስተኛው የአርሴማ፣ ሠላሳ ፍራንክ ከፍለን
ከእኛ ጋር እስከሆነች በነጻ የሚወስድልን።

ዮፍታሔ ግን ካርድ የለውም።
አምስት ዓመት ሙሉ ከፍሎ አያውቅም፤
ከስድስት በታች ያለ ልጅ እዚህ አገር ሲሳፈር
እንደ ነፋስ ነው፤ አይገባም ከሰው ቍጥር።
ችግሩ፣ ባለፈው ሰኞ ኬክ ቆርሰናል፤
ስድስት ሻማ ነበር፤ በአንድ ትንፋሽ አጥፍቶታል።

«ካርድ ግዛለት» ብላኝ ነበር ትርሲት፣ ከሐሙስ ጀምራ።
«እሺ» አልኩ። ረሳሁ። ወረፋው ደግሞ ረጅም፣ ባቡሩ ሊነሣ፣ እኔም ስፈራ፣
ጎንበስ ብዬ፣ የጫማውን ክር እያሰርኩ፣
«ሰው ቢጠይቅህ፣ አምስት በል» አልኩት፤ ቀና ሳልል ተናገርኩ።
ዝም ብሎ አየኝ፤
እንደ ተሳሳተ የሂሳብ መልስ መረመረኝ።

ሐይቁ በግራ በኩል ሲያበራ እንደ ተወለወለ ሳህን፣
ትርሲት ዳቦና እንቁላል፣ በፎጣ የጠቀለለችውን፣
ጭናችን ላይ ዘረጋች። ኢንተርላክን ወረድን፤
ሌላ ባቡር፤ ደግሞ ሌላ። ከሦስተኛው ተሳፈርን፦
ሐዲዱን እየነከሰ ዳገት የሚወጣ በጥርሱ፣
ወደ ቬንገን የሚጎተት፣ እንደ ታከተ በቅሎ ትንፋሹ።

ተቆጣጣሪዋ መጣች። ወገቧ ላይ ቦርሳ፣
ጸጉሯ ሽበት፣ ዓይኗ ምንም የማይረሳ።
የኔን ካርድ አየች፤ «ጢጥ» አለ መሣሪያው፤
የትርሲትም ጢጥ፤ የአርሴማም ጢጥ፤ ቀረ ትንሹ ጌታው።
«አንተስ ወጣቱ፣ ዕድሜህ ስንት ነው?» ብላ ዝቅ ስትል
ላቤ በጀርባዬ ወረደ፣ በዚያ ሁሉ ብርድ መሃል።

ዮፍታሔ እኔን አየ። እሷን አየ። መስኮቱን አየ።
ጓንቱን አውልቆ ጣቶቹን አንድ በአንድ ለየ፤
አምስቱን ዘረጋ።
እፎይ ልል አፌን ስከፍት፣
ስድስተኛዋ ከሌላው እጅ ወጣች፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ጀንበር ከዳገት፦
«ባለፈው ሰኞ ስድስት ሆንኩ! አባዬ ግን ረሳ።»

ረሳ።
ቃሏን እንደ ጋቢ ደረበልኝ፣ በሰው ፊት እንዳይበርደኝ፤
ለውሸቴ እንኳን ልጄ
ግማሽ ዋጋ ብቻ አስከፈለኝ።

ሴትየዋ ሳቀች። ሠላሳ ፍራንኬን ተቀበለች፣
ካርዱን እዚያው ስትጽፍለት ስሙን ሦስቴ አስደገመች።
ትርሲት ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤
ሳቅ ይሁን ቁጣ፣ ከጀርባ መቼ ይታወቃል?

ላይ ስንደርስ ተራራው የለም።
ደመና ከወገቡ በላይ ውጦታል፤ እግሩ ብቻ ነው የቀረው፣ ያውም ጥላሸት መስሎ።
«ያው!» አለች አርሴማ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ምላሷን ስላ፣
«ግማሽ ከፈላችሁ፣ ግማሽ ተራራ ሰጧችሁ፤ ምን ልታገኙ ሌላ?»

የተረፈውን እንቁላል በላን። በረዶ ላይ ተንሸራተትን፤
የኔ ሱሪ ተቀደደ። ለአንድ ሻይ የሙሉ ቀን ምሳ ከፈልን፤
ለሻይ ቅናሽ ካርድ የለም።

ማምሻውን ቁልቁል ስንወርድ ትርሲት መስኮቱን በጣቷ መታች፤
ደመናው ተነሥቶ ኖሯል፤ ተራራው ሙሉውን፣ ጫፉ ቀልቶ፣ እሷም ዝም አለች፤
ከጠዋት ወዲህ ገና አሁን እጄን ያዘች።

ዮፍታሔ ግን ተራራ አላየም። ካርዱን አገላብጦ
በጀርባው ያለውን ቀን ያነባል፣ ከጭኔ ላይ ተቀምጦ።
«አባዬ፣ ይሄ ሲያልቅ ስንት ዓመት ይሆነኛል?»
«ሰባት» አልኩት።
አሰበ። ባቡሩ ሐዲዱን እየነከሰ ይወርዳል።
«እሺ፣ ያኔስ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«ስንት ልበል?»