በሊትር አስራ አንድ

ባለ ሠላሳ ሁለት ቅጠል፣ ጀርባዋን ግራሶ የነካት
ደብተር አለች ከመኪናዬ፣ ከወንበሩ ሥር የማኖራት።
ነዳጅ በቀዳሁ ቁጥር ቀኑንና ሊትሩን፣
ካለፈው ወዲህ የሄድኩትን ኪሎሜትሩን
እጽፋለሁ። ልማድ ነው። ሒሳብ ሹም ነኝ በሥራዬ፤
ደሴ፣ ሆጤ ነው ቤቴ፤ ኮምቦልቻ እንጀራዬ።

ማሩቲዬ ትንሽ ናት፤ ነጭ፣ የበር እጀታዋ የላላ፣
ሐረጎ ዳገት ላይ ሲኖትራክ ሲያጓራ ከኋላ
ዳር ይዛ የምታሳልፍ፣ እንደ አዲስ ምራት አንገት ደፍታ፤
ግንቦት ላይ ግን በአንድ ሊትር አስራ ስድስት ትሄዳለች፣ ያውም ረክታ።

ኅዳር ገባ። ጦሳ ራሱን በጉም ጠመጠመ፤
የመኪናዬ መስታወት በውርጭ ታተመ።
ደብተሬ ላይ አስራ አራት። ከዚያ አስራ ሦስት። ከዚያ፣
ታኅሣሥ በገባ በአምስት፣ አስራ አንድ! ይሄማ የገበያ
ነገር አይደለም፤ ቀዳዳ ነው፤ ወይ ሌባ ነው አልኩ።
ከሥሯ ተንበርክኬ ታንከሩን ዳሰስኩ፣ ጣቴን አሸተትኩ።
ጠብታ የለም። ደረቅ መሬት። ቀና ስል ዓይኔ አረፈ
ከግቢው ዘበኛ፣ ከአያ ይመር ላይ፤ ከጎኑም የታጠፈ
የጎማ ቱቦ አለ፤ ጎመኑን የሚያጠጣበት።
ቱቦ። ሌሊት። ሁሉም የተኛበት ቤት።
ሒሳብ ሹም አይደለሁ? ደመርኩ። ደምሬም ዝም አላልኩም፤
“ማነው ቤንዚኔን የሚጠጣው?” አልኩ። ስሙን አልጠራሁም፤
ያየሁት ግን ወደ እሱ ነው።

ቱቦውን አየ። እኔን አየ። ፎጣውን ከአንገቱ ፈታ፣
መልሶ አሰረው። “አብሽሪ፣ ይገኛል” አለኝ በዝግታ።
በማግስቱ ጎመኑን በጣሳ ሲያጠጣ አየሁት፤
ቱቦው ተጠቅልሎ ከደጃፌ ተቀምጧል፤ ተራምጄ አለፍኩት።

እንድሪስ መካኒኩ፣ ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ማዶ፣
የዘይት መለኪያውን መዘዘ፣ በጨርቅ ጠረገው እንደ ለመደው፣
“ስንት ሰዓት ታስነሻታለሽ?” አለኝ። “አስራ ሁለት።” ሳቀ።
“እዚህ ስትደርስማ ቆላ ነው፤ ብረቷ ሁሉ ሞቀ።
ደሴ ላይ ግን ጎህ ሲቀድ ዘይቷ እንደ ማር ረግቷል፤
ጎማሽም በብርዱ ሟሽሿል፣ ከአስፋልቱ ተጣብቋል።
ቾክ ስበሽ፣ አስር ደቂቃ በቆመችበት ስትነድ፣
ያ ከደብተርሽ አይገባም፤ ቤንዚን ነው ያለ መንገድ።
ሌባ የለም፣ እህቴ። ብርዱ ነው የሚጠጣው።
ማታ ብርድ ልብስ አልብሻት፤ ጠዋት ቶሎ እንዲቀናው
ሞተሩ።”

ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ፣ በየመታጠፊያው ስወጣ፣
“ይቅርታ” የሚለውን ቃል አስነሣለሁ፤ እክ እክ ይልና ይጠፋል፣
እንደ መኪናዬ በጠዋት።

አበባ ያለበትን ብርድ ልብስ ይዤ ማታ ስወጣ
አያ ይመር ከቆርቆሮው ሥር ጉልበቱን አቅፎ፣ በዚያ ሳሳ ካፖርት
ተቀምጧል። ቆምኩ፤ ከኮፈኑና ከሰውዬው መሀል።
ለእሷስ ቤንዚን አለላት፤ እሱ ምን ነድዶለት ያድራል?
ከጉልበቱ ላይ ጣል አድርጌለት ዘወር አልኩ፣ ልገባ፤
“ብርዱ ነው” አልኩት። ይቅርታ ልል ነበር። ይኸው ብቻ ወጣ።

ጠዋት ማሩቲ ለብሳለች፤ ጠርዙ በድንጋይ ተይዞ፤
እሱ ከበሩ ቆሟል፣ ፎጣውን ባፍንጫው ይዞ።
“አብሽሪ፣ ዛሬ እንኳ አትጠጣም” አለኝ፤ ሳል ቆረጠው ቃሉን።
ቁልፉን አዞርኩ። በሁለተኛው ተነሣች። ጻፍኩ ቀኑን።

ጥር ሲጋመስ አስራ ሦስት ሆነ፤ ቁጥሩ ቀስ እያለ ይሻላል።
ቱቦውን ሁለቴ መልሼለታለሁ፤ እሱ ግን
ጎመኑን በጣሳ ያጠጣል።