መዝገብ፦ እርሻ

አብርሃም ውኃ በቆፈረበት፣ በቤርሳቤህ ከተማ፣
ከቤተ መዛግብቱ ምድር ቤት፣ ማራገቢያው ሲያጓራ እየሰማሁ፣
ቃል እለቅማለሁ።
ደመወዜ በሰዓት ነው።

አራት መቶ ስልሳ ሽማግሌዎች የተናገሩትን፣
ልጆች ከካሴት ገልብጠው በፊደል ያሰፈሩትን፣
ለማሽኑ እሰጠዋለሁ፤ እሱም ያነፍሳል፣
ገለባውን ወደዚያ፣ ፍሬውን ወደዚህ ያፈሳል።

መጀመሪያ ያስተማርኩት መጣል ነው፦
«እና» ይውጣ፣ «ግን» ይውጣ፣ «ወደ» ይውጣ፣
«ነበር»ም ይውጣ፤ በየመስመሩ እየመጣ
ሚዛን ያበላሻል።
«ነበር»ን ስሰርዝ እጄ ዘገየ፤
ኒጻን ከኋላዬ ቆሞ ስለነበር
ሰረዝኩት።

ቀጥሎ መግፈፍ።
ከ«አልመጡም» ላይ «አል»ን ይገፍፋል፣
«ም»ን ይገፍፋል፣
«መጣ» ብሎ ይጽፋል።
ያልመጡት ሁሉ፣ በሱ ቤት፣ መጥተዋል።

ማክሰኞ ከሰዓት የእትዬ ትርንጎ ጀንበሩ ተራ ደረሰ፤
ሁለት ሰዓት ያወሩትን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰ።
ቁልፍ ቃል፦ ማሽላ፣ አርባ አንድ ጊዜ።
ከዚያ አገዳ። ከዚያ ወፍ፣ ማማ፣ ወንጭፍ።
መዝገብ፦ እርሻ።
እርግጠኛነት፦ ከመቶ ዘጠና ስድስት።

ጽሑፉን ከፍቼ አነበብኩ።
በሬ የለም። ሞፈር የለም። አውድማ የለም።
ሰዎች በሌሊት ማሽላ መሀል ያልፋሉ፣
አገዳው ይንኳኳል፣
ጠባቂው ከማማው ላይ ወንጭፍ ያጮኻል፣
የሰባት ወር ልጅ አፍ በነጠላ ይያዛል።
ከዚያ ወዲያ ስለ ማሽላ ብቻ ነው፦
ማሽላው ረጅም ነበር፣ ማሽላው ቀይ ነበር፣
ሊታጨድ ሳምንት ቢቀረው ነበር።
«ልጅ» የተነሣው አንዴ ብቻ፤
ከሚዛን በታች ነው፣ አይቆጠርም።

ኔቲቮት ደወልኩ። ልብስ ሲያሰጡ ደረስኩባቸው።
«እትዬ፣ ማሽኑ ተሳስቶ ከእርሻ መዝገብ ከቶዎታል፣
ዛሬውኑ አወጣዎታለሁ፣ ይቅርታ…»
ዝም አሉ።
የጎረቤት ራዲዮ በዕብራይስጥ የነገውን ሙቀት ያወራል።
«ተይው» አሉኝ። «ምኑን ተሳሳተ?
እህል መሀል አይደል የተውነው?
እዚያው ይቀመጥ።»
ሌላም ነገር ጠየቁኝ፤ ምሳ በልቼ እንደሆነ።

አልነካሁትም።
ማምሻውን ግን፣ ኮምፒዩተሩን ከመዝጋቴ በፊት፣
ከሚጣሉት ቃላት አንዷን
ወደ ቦታዋ መለስኩ።
ነገ ኒጻን ይመጣና
«ሚዛኑን ምን ነካው?» ይለኛል።