ጭቃ ያልገባበት

ከሌሊቱ ዘጠኝ፤ የፓታጎንያ ንፋስ
ተጎታች ቤታችንን ሲገፋ ሲመልስ፣
ራሚሮ ገመዱን ቀስ አድርጎ ሳበ፤
ከጉድጓዱ አፍ ላይ ጭቃ ተንጠባጠበ።

ወረቀቱ ወጣ፣ እንደ መቀነት ረዝሞ፣
ሦስት ቀጭን መስመር ጎን ለጎን ተሸክሞ፤
አንዱ ቅርቡን ያያል፣ የጉድጓዱን ቆዳ፣
አንዱ መሃል ድረስ፣
አንዱ ሩቅ ይዘልቃል፣ ጭቃ ካልነካው ጓዳ።

ውሃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ አሉ፤
እዚህ ታች ሲወርዱ ተገልብጧል ቃሉ፤
ድንጋይ ነው የሚጮህ፣ ጨው ውሃ ጠጥቶ፣
ኤሌክትሪኩን እንደ ወሬ ለጎረቤት ሰጥቶ።
ዘይት ግን ዝም ይላል፤ የላኩትን አያደርስም፤
መስመሩ ወደ ቀኝ ይሸሻል፣ በቀላሉ አይመለስም።

ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ ሜትር ላይ
መስመሩ ፈረጠጠ፤ ከወረቀቱ ጠርዝ ሊወጣ ነው ወይ?
ራሚሮ ብድግ ሲል የማቴው ቅል ተደፋ፤
«መቋቋሙ ሁለት መቶ ኦም!» ደረቱ ተነፋ።
ስልክ ከቦነስ አይረስ፣ አለቃው ሳይተኛ፤
«ኔሊዳ፣ ንገሪኝ፤ ሀብታም ሆንን እኛ?»

መልስ አልሰጠሁትም። መነጽሬን ጠረግሁ፤
ሦስቱን መስመሮች በጥፍሬ ተከተልሁ።
ተጣብቀው ይሄዳሉ፣ እንደ አንድ ክር ሆነው፤
ቅርቡ ያለውን ነው ሩቁም የሚለው።
ጭቃችን አልገባም።
በር ያለው ቤት ቢሆን እንግዳ በገባ፣
መስመሮቹም በተለያዩ፣ አለቱ ጭቃ በጠባ።
ጥግግቱን አየሁት፤ ሁለት ነጥብ ሰባት።
ኖራ ድንጋይ፣ ድፍን፣ አንድም ጓዳ የሌለበት።

ዝምታ ሁለት ነው።
አንዱ ሞልቶ ነው፣ ያለውን አይለቅም፤
ሌላው ባዶ እንኳ አይደል፣
ለባዶነት የሚሆን ስፍራም አይገኝለትም።

አባቴ ዝምተኛ ነበር። ከከሰል ጉድጓድ ሲመለስ
እጁን ታጥቦ ይቀመጣል፣ እራቱ እስኪደርስ፤
«ጥልቅ ሰው ነው» ይሉት ነበር፤ እኔም ብዬው ነበር።
በአንድ መስመር ብቻ አነበብኩት፣ እስኪቀበር።
ሌላ መለኪያ አላወረድኩበትም።

«ኔሊዳ፣ አለሽ?» ይላል ስልኩ።
«አለሁ። ድፍን ነው» አልኩ።
ራሚሮ የተደፋውን በእጅጌው ጠረገ፤
ንፋሱም ጥቂት ረገበ።
ወረቀቱን ላጥፍ ስል፣ ሰላሳ ሜትር ዝቅ ብሎ፣
ቀድመን ሳናስተውል ባለፍነው፣
ሩቁና ቅርቡ መስመር
የጥፍር ጫፍ ያህል ተለያይተው አየሁ።
እርሳሴን ፈልጌ
ከበብኩት።