የክሊፍ ትንፋሽ

ዛፍ አልባው ሜዳ ላይ፣ መንገዱ እንደ ክር በተወጠረበት፣
ከሁለት ካንጋሮ በቀር ጎረቤት በሌለበት፣
ግሌኒስ የመኪና ቤታቸውን አልጋ አንስታ ተንበርክካለች፤
መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ መነጽሯን ትፈልጋለች።

ክሊፍ የእጅ ባትሪ ይዞ ለባትሪው ያበራል፤
እጁ ሲንቀጠቀጥ ጥላዋ ግድግዳውን ይዞራል።
«ይህን ያህል ወፍራም ገመድ? ያ ቀጭኑ አይበቃም ወይ?»
«ጠባብ በር ላይ ሕዝብ ሲጋፋ፣ ክሊፍ፣ አይግልም ወይ?
ይልቅ ፊውዙን አቀብለኝ።»

የሐኪሙ የትንፋሽ ማሽን ከነካርቶኑ ሲኮራ፣
«አሥራ ሁለት ቮልት ንቄያለሁ፤ ያለ ከተማ መብራት አልሠራ» —
ሦስት ሳምንት አለፈ።
ሌሊት ክሊፍ ያንኮራፋል፤ ከዚያ ድንገት ጭጭ፣ ዝም።
እሷ ዝምታውን ትቆጥራለች፤ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት... አትተኛም።
ሃያ ሲሞላ በክርኗ ትጎስመዋለች።
«ምነው?»
«ምንም፤ ተኛ» ትለዋለች።

የመጨረሻውን ገመድ ስታስነካ ብልጭ! አለ፤ ክሊፍ ዘለለ።
«መመሪያው ላይ አለ» አለችው፣ የራሷ ልብ እየዘለለ።
ብሎኑን ጠበቅ። አንዲት አረንጓዴ መብራት፤
ኢንቨርተሩ አልጋው ሥር አጉረመረመ፣ እንደ ጠገበ ድመት።

ማታ ጭምብሉን አጥልቆ ተኛ፣
እንደ ጠላቂ ዋናተኛ፤
ትንፋሹ ይገባል፣ ይወጣል፣ አይዛባም፣ አይቆምም።
ግሌኒስ ግን የምትቆጥረው ጠፋባት፤ እንቅልፍ የለም።
ተነሥታ ቮልቱን አየች፤ አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት።
ተመለሰች። ደግሞ ተነሣች፤ አሥራ ሁለት ነጥብ አምስት።
በዚህ ይነጋል። አስልታዋለች።

ጎህ ሲቀድ ክርኗ፣ ልማድ ሆኖበት፣ ጎኑን ነካ።
«ምነው?» አላለም።
ተነፈሰ።