ካራ

ዛሬ ማታ ብርሃን ሠረቀ ነው፤ እንግዳም አለብን፤
የልጃችን አማቶች ከአሽዶድ ይመጣሉ ሊጎበኙን።
ሠላሳ ዓመት የሰው ደረጃ ወልውላ በጉልበቷ፣
ዘንድሮ ሐኪም ቀዶ ጠገናት፤ ሶፋ ላይ ነች ስመኝ፣ በቤቷ።
እኔ የትምህርት ቤት ዘበኛ፣ ቁልፍ እንጂ ጭልፋ የማላውቅ፣
ጓዳ ስገባ እንደ ሌባ፣ ሳህን ቢንኳኳ የምሳቀቅ።
«ሞክረው» አለችኝ፣ «ዱባ እኮ ነው፣ ጅብ አይደል የሚበላህ፤
ጠንካራውን ምረጥ፣ በጥፍርህ ስትጭረው እምቢ የሚልህ።»

ገበያ ወረድኩ። ቂርያት ማላኪ በሻራቭ ንዳድ ተለብልባ፣
አንዱን አነሳሁ፣ ግራጫ የለበሰ፣ ወገበ ሰፊ ዱባ።
ሻጩ በጣቱ አንኳኳው፣ ጆሮውን ሰጠው እንደ ሐኪም፤
«ካራ» አለኝ፤ ለካ ዱባ ነው፣ የበዓል ማዕድ ስም።
እኔ በማውቀው ቋንቋ ካራ በሬ ይጥላል፤
ካራ በካራ ተቆርጦ እንዴት ምግብ ይሆናል?
ብቻዬን ሳቅሁ።
ደረቅ ፕሪም ጨመርኩ፣ ሁለት ሮማን፣ ቢጫ ተምር ከነዘለላው፣
አንድም ስሙን የማላውቀው ፍሬ፣ ፖም መስሎ ጠጉር ያለው።

ቤት ስደርስ ቢላው ገባ፤ ገባና ቀረ እዚያው፤
ብጎትት እምቢ፣ ብገፋ እምቢ፣ እንደ ሹመኛ ተኮፍሶ ዱባው።
ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፤ ከሶፋው ድምፅ መጣ፦
«ጣትህ ስንት ነው? ቁጠር፣ አንዱም እንዳይወጣ!»
በመጨረሻ ከነቢላው ይዤው ወጣሁ እስከ ደረጃው፣
ከፍ አድርጌ ለቀቅሁት፤ ጧ! አለ፤ ሕንፃው በሙሉ ሰማው።

ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል ይሉ ነበር አባቴ፤
ይኸው ድንጋይ ዱባ ሰበረ፣ በር ላይ፣ እዚሁ ቤቴ።
አገርህ ነው ብለውኝ ነው የመጣሁት፣ በእግሬ ሱዳንን አቋርጬ፤
ጥያቄውን ለማን ላንሳው፣ ደረጃ ላይ ፍሬ ለቃሚ ሆኜ ተቀምጬ?

ፎቅ ላይ ያለችው ፍሬሃ ወረደች፣ ነጠላ ጫማዋን እያስጮኸች፤
(ስሟ ፍሬ አለው፤ በሞሮኮ ግን ደስታ ማለት ነው ብላኝ ነበረች።)
«ማነው የሞተው?» ብላ አየችኝ፤ ዱባውን አየች፤ ዝም አለች፤
ቀሚሷን ሰብስባ ቁጢጥ ብላ ስብርባሪውን ትለቅም ጀመረች።
«አትላጠው፤ ልጣጩ ይያዘው፣ ሥጋው እንዳይፈርስ፤
ዘይት አጠጣው፣ ማር ጥቂት፣ ቀረፋ፤ እሳቱ ቀስ።
ፍሬው ኋላ ነው የሚገባው፤ ቀድሞ ከገባ ያራል፤
ተምሩ ሲያለቅስ ታየዋለህ፤ ያኔ ደርሷል፣ ይበቃል።»
ግማሹን በዕብራይስጥ፣ ግማሹን በእጇ ነው የነገረችኝ፤
«ጥቂት» ስትል ዓይኗን አጥብባ፣ «እሳት» ስትል ጣቷን ልሳ አሳየችኝ።

በሩን ልትወጣ ስትል ዞር አለች፦
«ካራ መቅደድም ነው፤ ስንበላው
የክፉ ፍርድ ወረቀት ይቀደድ እንላለን።»
ስንት ወረቀት እንዳለኝ አሰብሁ፣ ከመሳቢያው ያልወጣ፤
የወንድሜ ስም፣ ጎንደር የቀረው፣ ዛሬም ማኅተም ያጣ።

ምድጃው ውስጥ ዱባው ላበ፤ ጠርዙ ቡናማ ሆነ፤
ያ ጠጉራም ፍሬ ተቆርጦ ገባ፤ ሽታው ቤቱን ሸፈነ።
ፕሪሙ አበጠ፤ ተምሩ፣ እውነቷን ነው፣ አለቀሰ፤
ሮማኑን በመጨረሻ ስፈለፍል ነጭ ሸሚዜ ደም ለበሰ።
የዱባውን ፍሬ አጥቤ በረንዳ ላይ በጋዜጣ አሰጣሁ፤
ርዕሱን ማንበብ ባልችልም፣ ቀለሙ ሲርስ ሲጠፋ አየሁ።

ማታ እንግዶቹ በሉ፤ ደገሙ፤ «ማን ሠራው?» ተባለ፤
ልጄ በጣቷ አሳየችኝ፤ የባሏ አባት ሹካውን እንደያዘ ዝም አለ።
ስመኝ ብቻ፣ ከሶፋው ላይ፣ አንዱን ቁራሽ ገመጠች፤
ዓይኗን ጨፈነች፤ አላመጠች፤ ቆየች፤
«ጨው ረስተሃል» አለች።
ሳህኑን ሊያነሳ የመጣውን እጄን ግን
በሹካዋ ጀርባ መታች።